በሳንቲም የተገነባ ባንክ፦ የወይዘሮ ማጊ ሊና ዎከር ሕይወት



በዚህ እትም የንባብ ቡድናችን የሚያቀርብላችሁ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ማጊ ሊና ዎከር ይባላሉ። ካረፉ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ተወልደው ያደጉት፣ ሠርተውም ያለፉት እኛ ከምንኖርበት ከሰሜን ቨርጂንያ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ በምትርቀው በሪችመንድ ከተማ ነው። በአሜሪካ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ባንክ አቋቁመው በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት በመሆናቸው ነው። እኛን ግን ከባንኩ ይልቅ የሳበን ባንኩን የወለደው ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሥራ የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር፣ የቀረውን ቤተሰብ መደገፍ ነበር። በእኛ ቋንቋ እድር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ አሁን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤያችን ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ የብድር ገንዘባችን ከሌላ አገር ለመጡ ጎረቤቶቻችን ሴቶችም ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከመካከላችን አንዳንድ እኅቶች በየቋንቋቸው የራሳቸውን እድር ማቋቋም እንፈልጋለን ማለታቸው ነው። ደጋፊዎቻችንም አልፎ አልፎ፣ ማኅበራችሁ ለምን የአንድ አገር ሰዎች ብቻ ሆነ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ሲጨመቅ ጥያቄው አንድ ነው። ብዙ ዓይነት ሕዝብ አብሮ በሚኖርበት አገር ሰው ከመሰሎቹ ጋር ሲደራጅ ራሱን ያጠነክራል ወይስ በራሱ ላይ አጥር ይሠራል? ወይዘሮ ማጊ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ኖረውታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የልብስ አጣቢዋ ልጅ

ማጊ የተወለደችው በ1864 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ሪችመንድም ባርነትን ላለመልቀቅ ይዋጉ የነበሩት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ዋና ከተማ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ድሬፐር በባርነት የኖሩ ሴት ሲሆኑ፣ ማጊ ስትወለድ ኤልሳቤጥ ቫን ሉ በምትባል ሀብታም ነጭ ሴት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ይህች የቤት እመቤት ባርነትን የምትቃወምና በጦርነቱ ዘመን ለሰሜኑ ጦር በምስጢር መረጃ ታቀብል የነበረች ናት።

የማጊ አባት ከአየርላንድ የመጣ ነጭ ሰው ነበር። የቨርጂንያ ሕግ ነጭና ጥቁር እንዲጋቡ አይፈቅድም ነበርና ከእናቷ ጋር ትዳር ሊመሠርቱ አይችሉም። ልጅቱም በአባቷ አልተቆጠረችም፤ ጥቁር ተብላ አደገች። የኅብረተሰብ ጥናት ምሁራን ዘር በደም ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ሳይሆን ሕግና ልማድ ለሰው የሚሰጡት ቦታ ነው የሚሉትን፣ የዚህች ልጅ ልደት ብቻውን ያስረዳል። ያ የጋብቻ ሕግ በቨርጂንያ የተሻረው በ1967 ነው። ከመካከላችን ያኔ ተወልደው የነበሩ አሉ።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ በኋላ ዊልያም ሚቼል የሚባል፣ በዚያው ቤት ያገለግል የነበረ ሰው አገቡ። ዊልያም በአንድ ሆቴል የአስተናጋጆች አለቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቤተሰቡም ወደ ራሱ ትንሽ ቤት ገባ። ጆኒ የሚባል ወንድ ልጅም ተወለደ። ኑሮ ቀና ሊል ሲጀምር፣ በ1876 ዊልያም ጄምስ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ባለሥልጣኖቹ ራሱን ገደለ ብለው መዝገቡን ዘጉ። ቤተሰቡ ግን ተገድሏል ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው እንዴት ሞተ ብሎ የሚከታተል ብዙ አልነበረም።

እናትየው ልጆቻቸውን ለማሳደግ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመሩ። ማጊ ወንድሟን ትጠብቃለች፤ ንጹሑን ልብስ በቅርጫት ተሸክማ ወደ ነጮቹ ቤት ታደርሳለች፤ የቆሸሸውን ይዛ ትመለሳለች። እኛም ከመካከላችን የሰው ቤት ያጸዳን፣ የሰው ልጅ ያሳደግን፣ በሆቴል አልጋ ያነጠፍን አለን። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ እንዳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሠራተኛ ነው። ማጊ ይህን ያወቀችው በልጅነቷ ነው።

በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች። ለጥቁር ልጆች ብቻ በተከፈሉ ትምህርት ቤቶች ተምራ፣ በ1883 ከመምህራን ማሠልጠኛው ተመረቀች። በዚያ ዓመት አንድ ነገር ሆነ። የነጭ ተማሪዎች ምረቃ በከተማው ቲያትር ቤት ሲደረግ፣ የጥቁሮቹ ግን እንደ ልማዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። የማጊ ክፍል አሥር ተማሪዎች ነበሩ። ወላጆቻችን ግብር የሚከፍሉት እንደ ሌላው ነው፤ እኛም እኩል ይገባናል ብለው ቤተ ክርስቲያኑን እምቢ አሉ። ቲያትር ቤቱን አላገኙም፤ ምረቃቸው በራሳቸው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተደረገ። ነገር ግን የተሰጣቸውን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በመላ አገሪቱ ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤት መድልዎ ላይ ካነሷቸው የመጀመሪያዎቹ ተቃውሞዎች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል።

የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር

ማጊ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች የቅዱስ ሉቃስ ነጻ ማኅበር አባል ሆና ነበር። ይህን ማኅበር በ1867 በባልቲሞር ከተማ የመሠረተችው ሜሪ ፕራውት የምትባል ጥቁር ሴት ናት። መጀመሪያ የሴቶች ነበር፤ በኋላ ወንዶችም ገቡበት። አባላት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። የታመመ አባል ይጠየቃል፣ ይታገዛል። የሞተ በክብር ይቀበራል፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። በዚያ ዘመን የመድን ኩባንያዎች ጥቁር ደንበኛን ወይ አይቀበሉም ነበር፤ ወይ ደግሞ እንደ ነጩ እያስከፈሉ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጡትን ይቀንሱበት ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ የተወለደው ከሌላው ለመለየት ተፈልጎ ሳይሆን በሌላው በር ስለተዘጋ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ማጊ ሦስት ዓመት ያህል አስተማረች። በ1886 አርምስቴድ ዎከር የሚባል፣ ከቤተሰቡ ጋር በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ሰው አገባች። ያገባች ሴት በመምህርነት መቀጠል አይፈቀድላትም ነበርና ሥራዋን ለቀቀች። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። አንዲት ልጅም አሳደጉ። ከማስተማሩ ሲቀሩ ጉልበታቸውን በሙሉ ለማኅበሩ ሰጡ። በ1895 የማኅበሩ የልጆች ክፍል እንዲቋቋም ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ልጅ ከትንሽነቱ መቆጠብና ሰው መርዳት ካልለመደ ማኅበሩ ተተኪ አይኖረውም የሚል እምነት ነበራቸው።

በ1899 ወይዘሮ ማጊ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ሥራ አስኪያጅ እንደማለት ነው። የተረከቡት ማኅበር ሊዘጋ የተቃረበ ነበር። አባላቱ ከ1,000 ብዙም አይበልጡም። ካዝናው ውስጥ የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳም ነበረበት። በገንዘብ ያዥነት ያገለገላችሁ እኅቶች ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ አባል ቢሞት ቀብሩን እንኳ መሸፈን የማይችል ካዝና ነው።

ሳንቲሙ ሲሰበሰብ

በ1901 በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ወይዘሮ ማጊ ዕቅዳቸውን አቀረቡ። ማኅበሩ ጋዜጣ፣ ባንክ፣ ሱቅና የልብስ ፋብሪካ እንዲኖረው ጠየቁ። አሳባቸው ቀላል ነበር። የሪችመንድ ጥቁር ሴቶች ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። የሚያገኙት ሥራ ግን የሰው ቤት ማገልገል፣ ልብስ ማጠብ፣ አለዚያም በትንባሆ ፋብሪካ መቀጠር ነው። ያገኟትንም ጥቂት ገንዘብ የሚያውሉት፣ ልጆቻቸውን በሽያጭ ሠራተኛነት እንኳ በማይቀጥሩ ሱቆች ነው፤ የሚያስቀምጡትም ቤት መሥሪያ በማያበድሯቸው ባንኮች ነው። ያ ገንዘብ አንድ ቦታ ቢሰበሰብ፣ ቤት ይሆናል፣ ሥራ ይሆናል።

በ1902 ጋዜጣው ታተመ። ስለ ማኅበሩ ሥራ ይጽፋል፤ ከዚያም በላይ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በገመድ ሰቅሎ መግደልንና ዘርን ከዘር የሚለዩትን ሕጎች ይቃወም ነበር። ወይዘሮ ማጊም የባንክ ሥራ ለመማር በከተማው ከነበሩት የነጮች ባንኮች በአንዱ ለወራት በቀን ጥቂት ሰዓት እየተቀመጡ አሠራሩን አጠኑ። የራሳቸውን ለማቋቋም ከሌላው መማርን አልናቁም፤ ከወዲያ ወገንም ቢሆን በሩን የከፈተላቸው ሰው ነበር።

በኅዳር 1903 የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ወደ 280 የሚሆኑ ሰዎች ሂሳብ ከፈቱ፤ ከ9,000 ዶላር በላይም ገባ። ከመቶ ዶላር በላይ ያስገባ ነበረ፤ 31 ሳንቲም ብቻ ይዞ የመጣም ነበረ። ሁለቱም ተመዝግበው ደብተራቸውን ተቀበሉ። ለልጆች የሳንቲም ማጠራቀሚያ ሣጥን ይሰጣቸው ነበር፤ አንድ ዶላር ሲሞላላቸው መጥተው በራሳቸው ስም ሂሳብ ይከፍታሉ። በባንኩና በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት፣ በሂሳብ ያዥነትና በታይፒስትነት የተቀጠሩት አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እናቶቻቸው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴቶች ብዕርና መዝገብ ያዙ። እስከ 1920 ባለው ጊዜም ባንኩ ከ600 በላይ ጥቁር ቤተሰቦች የቤት ባለቤት እንዲሆኑ አበድሯል።

አጥሩን ማን ሠራው

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በዙሪያቸው ያለው ግድግዳ እየጠበበ ሳለ ነው። በ1902 ቨርጂንያ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። ለመምረጥ የሚከፈል ግብርና የንባብ ፈተና ገባበት፤ አብዛኛው ጥቁር ወንድ የመምረጥ መብቱን በአንድ ጊዜ አጣ። በ1911 የሪችመንድ ከተማ ማን በየትኛው መንገድ ላይ መኖር እንደሚችል በዘር የሚወስን ደንብ አወጣች። ወይዘሮ ማጊ የኖሩበት ጃክሰን ዋርድ የሚባለው ሠፈር ራሱ፣ በ1871 የጥቁሮች ድምፅ በአንድ ወረዳ ውስጥ ተወስኖ እንዲቀር ታስቦ የተከለለ የምርጫ ወረዳ ነበር።

በ1904 የከተማው የባቡር ትራም ኩባንያ፣ ተሳፋሪዎች በዘር ተለያይተው እንዲቀመጡ አደርጋለሁ አለ። ወይዘሮ ማጊ በጋዜጣቸው፣ ጆን ሚቼል የሚባል ሌላ ጥቁር ጋዜጠኛም በራሱ ጋዜጣ፣ ሕዝቡ ትራሙን ትቶ በእግሩ እንዲሄድ ቀሰቀሱ። ሕዝቡም ሄደ። የልብስ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ተማሪዎች በእግራቸው ተጓዙ። ኩባንያው ቀድሞም ዕዳ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት ለኪሳራ ተዳረገ። ሆኖም በ1906 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በትራም ላይ በዘር መለያየትን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሕዝቡ ኩባንያውን በእግሩ አሸነፈው፤ የምርጫ ድምፁ ስለተወሰደበት ግን ሕጉን የሚመልስበት አቅም አልነበረውም።

የሱቁም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1905 ማኅበሩ በከተማው ዋና የገበያ ጎዳና በብሮድ ስትሪት ላይ ትልቅ የልብስና የዕቃ መደብር ከፈተ። በሽያጭ ሥራ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ነጋዴዎቹ ገና ከመከፈቱ በፊት ሕንፃውን ከተገዛበት ዋጋ በላይ እንግዛችሁ ብለው ጠየቁ። እምቢ ሲባሉ ተሰባስበው፣ ጅምላ ሻጮች ለመደብሩ ዕቃ እንዳይሸጡ ግፊት አደረጉ። ከዚህም ሌላ አንድ የሚያም ነገር ነበር። ከራሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ በነጮቹ ሱቅ መግዛታቸውን አልተዉም። አንዳንዱ ርካሽ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ዱቤ ስለሚያገኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ የእነርሱ ዕቃ ይሻላል ብሎ ስላመነ። መደብሩ ሰባት ዓመት ያህል ታግሎ ተዘጋ።

ስለ ዘር ግንኙነት የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ተለይቶ የሚኖር ሕዝብ ሁልጊዜ መለየትን መርጦ አይደለም። አጥሩን የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ሕግ አውጪው፣ አበዳሪው፣ አከራዩና ነጋዴው ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ሲተባበር ሁለት ነገር አብሮ ይደርስበታል። የራሱን ቤት ይሠራል፤ ቤቱን በሠራ ጊዜ ግን የአጥሩን ቦታ የተቀበለ ይመስላል። የወይዘሮ ማጊ ጥበብ ቤቱን እየሠሩ አጥሩን አለመቀበላቸው ነው። ባንኩ ቤት ሲሠራ ጋዜጣው አጥሩን ይወቅስ ነበር።

ኀዘንና ጽናት

በ1910 በዚያው በሪችመንድ ከዚህ ማኅበር ይበልጥ ትልቅ የነበረ ሌላ የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ባንክ ወደቀ፤ የብዙ ሰው ቁጠባ ጠፋ። ክፍለ ግዛቱም የመረዳጃ ማኅበራትና ባንኮቻቸው እንዲለያዩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ወይዘሮ ማጊ የማኅበሩን ገንዘብ ከባንኩ ገንዘብ ለይተው፣ ባንኩን ራሱን በቻለ ድርጅት አቆሙት። ሌላው ሲወድቅ የእርሳቸው የቆመው በዚህ ነው። በመሰሎቻችን መካከል ያለው መተማመን ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን መተማመን የሂሳብ ምርመራን አይተካም። በየዓመቱ ኦዲት ይደረግ ስንል ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ይህን ታሪክ አስቡልን።

በ1915 በቤታቸው ላይ ከባድ ነገር ደረሰ። በአካባቢው ሌባ ይዞራል ተብሎ ሁሉም ሰግቶ ነበር። የበኩር ልጃቸው ራስል፣ አባቱን ሌባ መስሎት በሽጉጥ መታው፤ አርምስቴድ ዎከርም ሞቱ። ልጁ በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ወጣ። እናት ባላቸውን ቀብረው፣ ለልጃቸው ጠበቃ አቁመው፣ በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ከሥልጣን ይውረዱ የሚሉትን ተቋቋሙ። ኀዘን በደረሰ ጊዜ ወንበር ሊወስድ የሚነሣ ሰው በየማኅበሩ አይጠፋም። ከሥራቸው አልተለዩም። ራስል ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1923 ሞተ።

ከዓመታት በፊት ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎድተው ነበር። ሕመሙ እየበረታ ሄዶ በመጨረሻ ዕድሜያቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚንቀሳቀሱት። ቤታቸው ውስጥ አሳንሰር አስገቡ፤ መኪናቸውንም ወንበሩን ይዞ እንዲገባ አሠሩት፤ ወደ ሥራ መሄዳቸውንም ቀጠሉ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ ከሃያ በሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች 100,000 ያህል አባላት ነበሩት። 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም የነበረው ካዝና እዚህ ደረሰ።

ከአጥሩ ውጭ

ወይዘሮ ማጊ በራሳቸው ማኅበር ብቻ ተወስነው አልቀሩም። በ1912 የሪችመንድ ጥቁር ሴቶችን ምክር ቤት መሠረቱ። በዚያም ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ ችግር ለደረሰባቸው ልጃገረዶች የተቋቋመውን ትምህርት ቤት ረዱ። የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የተቋቋመው አገር አቀፍ ማኅበር በ1917 በሪችመንድ ቅርንጫፍ ሲከፍት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። በ1920 ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ፣ የሪችመንድ ጥቁር ሴቶች ወጥተው እንዲመዘገቡ አደራጁ። ትራሙ ላይ የሆነውን አልረሱትም። ገንዘብ ያለ ድምፅ ግማሽ መንገድ ብቻ እንደሚያደርስ አይተዋል።

በ1921 ጥቁሮች በብዛት የሚደግፉት ፓርቲ ከጉባኤው ሲያገላቸው፣ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ዕጩዎች ዝርዝር አወጡ። ያ ትራሙን አብሯቸው የተቃወመው ጋዜጠኛ ለገዥነት፣ ወይዘሮ ማጊ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ የትምህርት ኃላፊነት ተወዳደሩ። እንደማያሸንፉ ያውቁ ነበር፤ አላሸነፉምም። ልብስ ስታደርስ ያደገች፣ ካገባች በኋላ እንዳታስተምር የተከለከለች ሴት የክፍለ ግዛቱን ትምህርት ልምራ ብላ ስሟን በምርጫ ወረቀት ላይ ማስፈሯ ግን በራሱ መልእክት ነበር።

የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ በአገሪቱ ብዙ ሺህ ባንኮች ተዘጉ። ወይዘሮ ማጊ በከተማው ካሉት ሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር በመዋሐድ አንድ ጠንካራ ባንክ እንዲወጣ አደረጉ፤ የቦርዱ ሰብሳቢም ሆኑ። የስማቸውን ባንክ ብቻዬን አቆየዋለሁ አላሉም። የተዋሐደው ባንክ እስከ 21ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በጥቁሮች ባለቤትነት ቆይቷል። እርሳቸው ያረፉት በታኅሣሥ 1934 በስኳር በሽታ ምክንያት በደረሰባቸው ሕመም ነው።

በ1950ዎቹ የፈጣን መኪና አውራ ጎዳና ሲሠራ ጃክሰን ዋርድን ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ፤ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። የእርሳቸው ቤት ግን በሊ ስትሪት ላይ ዛሬም አለ። በመንግሥት የታሪክ ቅርስ ሆኖ ከ1985 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። በ2017 ደግሞ በብሮድ ስትሪት ላይ ሐውልታቸው ቆሟል። መደብራቸው የተዘጋበት ጎዳና ነው።

ለእኛ የሚቀረው

እኛ ከዚህ ታሪክ ጋር በእውነት የሚያገናኘን ነገር አለ። አብዛኞቻችን ወይም ወላጆቻችን ወደዚህ አገር መምጣት የቻሉት፣ ቀድሞ በትውልድ አገር ይወሰን የነበረው የስደተኞች ኮታ በ1965 ስለተሻረና በ1980 የስደተኞች ሕግ ስለወጣ ነው። የ1965ቱ ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው በታገሉበት ዘመን፣ የዚያ ትግል መንፈስ ምክር ቤቱን ባነቃነቀበት ጊዜ ነው። ያ ትግል በአንድ ቀን አልተነሣም። በእግራቸው የሄዱት የሪችመንድ ሴቶች መንገዱን ቀደም ብለው ጀምረውታል። እኛ ስንመጣ ቅጹ ላይ ጥቁር የሚለውን ምልክት እናደርጋለን፤ ልጆቻችንም በዚያ ስም ያድጋሉ። ስለዚህ ይህ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም።

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ። በየቋንቋቸው እድር ማቋቋም ለሚፈልጉ እኅቶቻችን የንባብ ቡድናችን የሚለው ይህ ነው። በቋንቋ መሰባሰብ ነውር የለበትም። ሰው ሲያዝን በእናቱ ቋንቋ ማልቀስ ይፈልጋል፤ እዝንም በለመዱት ሥርዓት ሲሆን ያጽናናል። ነገር ግን የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የተቋቋመው በር ስለተዘጋበት ነው። በእኛ ማኅበር ውስጥ በር የተዘጋባት፣ ቋንቋዋ የተናቀባት፣ በስብሰባ ላይ የማይገባትን ሰምታ የወጣች እኅት ካለች መጀመሪያ ያንን እንስማና እናስተካክል። ማስታወቂያውና ስብሰባው ከአንድ ቋንቋ በላይ ይሁን። ከዚያ በኋላም መለየት የምትፈልግ ካለች፣ እድሩ ቢለይ እንኳ የብድሩ ገንዘብ አንድ ሆኖ ይቆይ እንላለን። ብዙ ደካማ ባንክ ከመሆን አንድ ጠንካራ መሆን እንደሚሻል ታይቷል።

ብድሩን ለሌሎች አገር ሴቶች መክፈትን በተመለከተ የአባላቱ ስጋት ይገባናል። ገንዘቡ ከእያንዳንዳችን ደመወዝ በወር በወር የተዋጣ ነው። ዋስ የሚሆን ዘመድ የማናውቅለት ሰው ቢወስድና ባይመልስስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ወይዘሮ ማጊም ሕዝባቸው እርስ በርሱ እንዲተማመን ያደረጉት በስብከት ብቻ አልነበረም። መዝገብ፣ ደብተር፣ የተለየ ሂሳብና ምርመራ ነበራቸው። ስለዚህ አሳባችን፣ አንዲት ጎረቤት እንደ እኛ መዋጮ ከፍላ፣ ለተወሰነ ጊዜ ቆጥባ፣ ሁለት አባላት ዋስ ከሆኑላት ከእኛ እኩል ትበደር የሚል ነው። ለዚህም የተለየ ትንሽ ገንዘብ ተመድቦ ለአንድ ዓመት ይሞከርና ሂሳቡ ለጉባኤው ይቅረብ። ከሳልቫዶርም ትምጣ ከሱዳን፣ ሌሊት አብራን ሆቴል የምታጸዳ ሴት ናት። ባንክ ብድር ሲከለክላት የምታየው ፊት እኛ የምናየው ነው።

ደጋፊዎቻችንም ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይኸው ነው። የተሰባሰብነው ከሌላው ለመራቅ አይደለም፤ ስንመጣ ሌላ የሚቀበለን ቤት ስላልነበረ ነው። ቤቱ አሁን ቆሟል። በሩን ምን ያህል እንክፈት የሚለውን ደግሞ አባላት ይወስኑ።

የንባብ ቡድናችን ጉባኤው ከመድረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ ወደ ሪችመንድ ሄደን የወይዘሮ ማጊን ቤት እንድንጎበኝ አስቧል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን እስከ ወሩ መጨረሻ አስመዝግቡ፤ መኪና ያላችሁም ስንት ሰው መጫን እንደምትችሉ አብራችሁ ንገሩን።